ውሃ ሽቅብ ይወጣል ወይ? የመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሕይወትና የእንጦጦ ቧንቧ

በዛሬው ጽሑፋችን በየማለዳው ከየካ ሽቅብ ስናይ የምናገኘውን የእንጦጦን ተራራ ይዘን የአንድ የታወቀ ሰው ሕይወት እንተርካለን። ሰውዬው ከዚህ ተራራ ለቤተ መንግሥት የመጀመሪያውን የቧንቧ ውሃ ያወረደው የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ነገ መምህር ለምንሆን ሰዎች ቁም ነገር አለበትና እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

ኢልግ በ1854 በስዊዘርላንድ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ የመካኒክነት ሙያ ለመደ፤ ቀጥሎም ዙሪክ ከሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ምሕንድስና ተማረ። እጁም ጭንቅላቱም የሠለጠነ ሰው ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአውሮፓ ባለሙያ ይፈልጉ ስለ ነበር ኢልግ በ1879 ሸዋ ገባ። ዕድሜው ገና 25 ገደማ ነበር፤ እኛን ቢበልጠን በአምስት ዓመት ነው። አማርኛ ለመደ፣ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፣ በንጉሡም ዘንድ ታመነ።

ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ ላይ ሲተከል ውሃው በእንስራ መመላለሱ አልቀረም። በ1890ዎቹ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ በቧንቧ ውሃ ስቦ ወደ ግቢው ለማምጣት ተነሳ። ነገር ግን ግቢው ራሱ ኮረብታ ላይ ነው። ውሃው ከተራራው ወርዶ መልሶ ዳገት ሊወጣ ነው ሲባል ብዙ ሰው አላመነም። እንዴትስ ይመን? ውሃ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ ያየ ማን አለ? የንጉሡ ገንዘብ ወጥቶ፣ ቧንቧው ተቀብሮ ውሃው ቢቀር የሚያፍረው ኢልግ ብቻ አልነበረም፤ አዲስ ነገር የወደዱት ምኒልክም ጭምር ነበሩ። ዳሩ ግን ውሃው ወጣ። ሕዝቡም ጉድ አለ።

ታዲያ ምሥጢሩ ምንድን ነው? ምሥጢሩ ግፊት ነው። በቧንቧ ውስጥ የታሰረ ውሃ በላዩ ያለው ውሃ ይጫነዋል። ከፍታው አሥር ሜትር በጨመረ ቁጥር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ክብደት ይጨመራል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ግቢው ግን በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከላይ ያለው ውሃ የታችኛውን እየገፋ ግቢው ድረስ ያወጣዋል። ከምንጩ ከፍታ በላይ ግን አይወጣም። ውሃው ሽቅብ የወጣው በተአምር ሳይሆን ተራራው ከኋላው ስለ ገፋው ነው።

ይህንን ሕግ ቀደም ብሎ ያብራራው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል (1623-1662) ነው። በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ሲጫን ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። በ1795 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ከዚህ ሕግ ተነስቶ መጭመቂያ መኪና ሠራ። ስሌቱ ቀላል ነው። ትንሹ ፒስተን 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ 40 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በትንሹ ላይ የተጫነ 10 ኪሎ በትልቁ ላይ 200 ኪሎ ያነሳል። ነፃ ምሳ ግን የለም! ትልቁ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ትንሹ 20 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። ጎማ ቀያሪው የሃይድሮሊክ ክሪኩን ደጋግሞ የሚረግጠው ለዚህ ነው።

መንገድ የሚቆፍረው ኤክስካቫተርም ከዚህ የተለየ አይደለም። የተራራውን ቦታ በሞተር የሚዞር ፓምፕ ይተካል፤ የውሃውን ቦታ ዘይት ይይዛል። ዘይቱ በሲሊንደሩ አንደኛው ጫፍ ሲገባ ክንዱ ይዘረጋል፤ በሌላው ጫፍ ሲገባ ይታጠፋል።

በዘይት ፈንታ የታመቀ ንፋስም ይሠራል። የአውቶቡስ በር ጭስስ ብሎ የሚከፈተው ኮምፕሬሰሩ ያጠራቀመው ንፋስ ፒስተኑን ገፍቶ ስለሚወጣ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለት የሚወርድ ከባድ መኪናም ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በንፋስ ፍሬን ነው። ንፋሱ ቢያልቅስ? ያን ጊዜ በንፋሱ ተይዞ የቆየ ጠንካራ ሞላ ተለቆ የኋላውን ጎማ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። የሰው ሕይወት ያለው በዚህ ላይ ነውና ሾፌሩ ከመነሳቱ በፊት የንፋሱን መለኪያ ያያል።

በዘይትና በንፋስ መካከል ያለውን ልዩነት እኛ በኀፍረት ነው የተማርነው። ቀጭንና ወፍራም ሲሪንጅ በላስቲክ ቱቦ አገናኝተን፣ ውሃ ሞልተን፣ በወፍራሙ ላይ መዝገበ ቃላት አስቀመጥንና ጓደኞቻችንን ጠራን። ቀጭኑን ስንጫን መጽሐፉ ንቅንቅ አላለም። ሳቁ ምኑ ቅጡ! ለካስ ቱቦው ውስጥ አየር ቀርቶ ኖሯል። አየር ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ውሃ ግን እጅግም አይጨመቅም። ድካማችንን የበላው ያ አረፋ ነበር። አየሩን አስወጥተን ስንጫን መጽሐፉ ቀስ ብሎ ተነሳ። መካኒኮች ከፍሬን ዘይት ውስጥ አየር ሳያስወጡ መኪና የማይለቁት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ወደ ኢልግ እንመለስ። በ1894 ምኒልክ የምድር ባቡሩን ውል ሰጡት፤ በ1897 የመንግሥት አማካሪ አደረጉት። ከአድዋ ድል በኋላም በውጭ ጉዳይ ሥራ ብዙ ደከመ። በ1907 ሥራውን ለቀቀ፤ በ1916 በዙሪክ አረፈ። የተመኘው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነውና ሳያየው ቀረ።

እኛ ግን አንድ ነገር አንዘነጋም። ያ ውሃ የደረሰው ግቢ ነበር፤ የከተማው ሴቶች ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን እንስራ በጀርባቸው ተሸክመዋል። ቧንቧውን የቀበሩት ሠራተኞችም እንደ ኢልግ ስማቸው አልተጠራም። ዕውቀት ከግቢ አጥር አልፎ ወደ ሁሉም ቤት እንዲወርድ ደግሞ ቧንቧው መምህሩ ነው።

የምንመደብበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ላይኖረው ይችላል። ተማሪው ውሃ ሽቅብ አይወጣም ብሎ ቢከራከረን አንቆጣው፤ የያኔውም ሰው የተጠራጠረው ባየው ነገር ተነስቶ ነው። ኢልግ ተጠራጣሪውን ያሳመነው ውሃውን አውጥቶ ነው፤ እኛም ሁለት ሲሪንጅና አንድ ክንድ ቱቦ ይዘን እናሳየው። ዕቃው በእጃችን አለ፤ መሞከር የሚሻ ጓደኛ ይምጣ። አየሩን ማስወጣት ግን እንዳይረሳ!