ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፦ የሕፃንነት መዓትና የኋላ ዘመን ሕመም

ከኮረም ወደ አላማጣ በሚያወርደው ዳገት አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው፣ የራያ ቆላ ወደ ቆቦ አቅጣጫ ተንጣሎ ይታያል። ይህ አገር ድርቅና ረኀብ በየዘመኑ የጎበኘው፣ በዳርቻውም የጦርና የስደት መንገድ ያለፈበት ነው። በ1860 ዓ.ም. በሚያዝያና በግንቦት ወራት ከመቅደላ የሚመለሰው የእንግሊዝ ጦር፣ ከዚሁ ቆላ በላይ ባለው ደጋ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያልፍ ከምርኮው ጋር አንድ ሕፃን ይዞ ነበር። ሕፃኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ሲሆን፣ ሰባት ዓመት የሞላውም በዚሁ ጉዞ ላይ ነበር።

ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ አምባ ላይ ራሳቸውን ሠው። አምባው ተዘረፈ፤ ወዲያውም ተቃጠለ። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ደግሞ ታምመው የነበሩት እናቱ በመንገድ ላይ ዐርፈው በጨለቆት ተቀበሩ። እንግዲህ ይህ ልጅ አባቱን፣ ቤቱንና እናቱን ያጣው ለቅሶ ተቀምጦ ለመጽናናት እንኳ በማይበቃ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

በኢትዮጵያውያን ዘንድ ባሻ ፈለቀ እየተባለ ይጠራ የነበረው ካፕቴን ትሪስትራም ስፒዲ የልጁ ሞግዚት ሆኖ ተሾመ። ስፒዲ አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር። የአገሩ ሰዎች የሆኑት ተከታዮቹ ከተለዩት በኋላ፣ ሕፃኑ ይህን አንድ ሰው የሙጥኝ አለ። ሌሊት ሌሊት በፍርሃት እየተዋጠ ካጠገቡ ሌላ ስፍራ መተኛትን እንቢ ይል ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀብለው ወደዱት፤ ሆኖም የንግሥት ፍቅር የእናትን ስፍራ ሊሞላ አልቻለም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬም ከሩቅ ሆነው በደብዳቤ ይጠይቁት ነበር።

ስፒዲ ወደ ሕንድ ሲዛወር ልጁም አብሮት ሄደ። በዚያም ከስፒዲና ከባለቤቱ ጋር እንደ ቤተሰብ ኖረ። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁ በእንግሊዝ አገር መማር አለበት በማለቱ፣ በ1864 ዓ.ም. ገደማ ከስፒዲ ተነጥሎ በቼልተንሃም ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ሁለተኛው ወላጅ አልባነት ነበር። ከዚያ በኋላ በአማርኛ የሚያናግረው ሰው በአጠገቡ አልነበረም። ቀጥሎም ወደ ራግቢ፣ በኋላም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላከ። በትምህርቱ አልገፋም፤ በቆዳው ቀለም የተነሣም ሰው ዘወትር ያፈጥበት ነበር።

ሳንድኸርስትን ትቶ በሊድስ ከተማ ከቀድሞ መምህሩ ከሲሪል ራንሰም ዘንድ ተቀመጠ። በ1872 ዓ.ም. መጀመሪያ ብርድ መትቶት በሳንባ ሕመም ተያዘ። በሕመሙም ጊዜ መርዝ እንደ ተሰጠው አምኖ ምግብንና መድኃኒትን እንቢ አለ። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዊንድሶርም ተቀበረ። ንግሥቲቱ በቀን ማስታወሻቸው ሕይወቱ ደስታ የራቀው እንደ ነበር በሐዘን ጽፈዋል።

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ስለ አንድ ሟች የአእምሮ ሁኔታ ቁርጥ ያለ ፍርድ መስጠት ለሙያው ሰው አይገባም። ያ የመጨረሻ ጥርጣሬ ከትኩሳት የመጣ የሐሳብ መዘባረቅ ሊሆን ይችላል፤ በልጅነቱ ማንን ማመን እንዳለበት ግራ የገባው ሰው ፍርሃትም ሊሆን ይችላል። የማያጠራጥረው ግን መዓቱ አንድ ጊዜ ብቻ ያልደረሰበት መሆኑ ነው። የመጀመሪያው በጦርነት መጣ። የቀሩት፣ ማለትም ከዘመድ፣ ከቋንቋና በኋላም ከለመደው ሞግዚት መለየት፣ ለደኅንነቱ ያሰቡ ሰዎች በየተራ የፈጸሙበት ነው።

የኋላ ዘመን ጥናትም ይህን ጉዳይ በልዩ ልዩ ወገን አብራርቶታል። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በሆላንድ በደረሰው የክረምት ረኀብ፣ ረኀቡ በበረታበት ጊዜ የተፀነሱ ልጆች ካደጉ በኋላ ስኪዞፍሬንያ በተባለው ሕመም የመያዛቸው ዕድል ወደ ሁለት እጥፍ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በቻይና ከ1959 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በደረሰው ረኀብም ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። በራያ ቆቦ ወረዳ ተደርጎ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ፣ በ1977ቱ ረኀብ ዘመን በማኅፀን የነበሩ ጐልማሶች በማስታወስና በማሰብ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ማግኘታቸውን አመልክቷል። ይሁን እንጂ ዕድሉ ከፍ አለ ማለት ዕጣው ተቈረጠ ማለት አይደለም። ከተጐዱት መካከል አብዛኞቹ በስኪዞፍሬንያ አልተያዙም። በሕፃናት ላይ የተደረገው ምርምር በጠቅላላው እንደሚያሳየው፣ ከመዓቱ በኋላ አንድ የማይለወጥ አሳዳጊ ያገኘ ልጅ ከተጣለው ልጅ ይልቅ የመዳን ተስፋው የሰፋ ነው።

ዓለማየሁ ባለፈበት መንገድ አጠገብ፣ ከሃያ ዓመታት በኋላ የከብት እልቂት ያስከተለው ክፉ ቀን ደረሰ። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ የተራቡ የወሎ ሰዎች በደሴና በመቀሌ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ፈሰሱ። በ1977 ዓ.ም. የኮረም መጠለያ በረኀብተኛ ሞላ፤ በዚያም ብዙ ሕፃናት ወላጆቻቸው ሲሞቱ አዩ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ በቆቦና በአላማጣ ልጆችን ያሳደጉ ጐልማሶች ናቸው። ለሕክምና ሲመጡ የተወለዱበትን ዓመትና በዚያ ጊዜ ያሳደጋቸውን ሰው ከሕመማቸው ታሪክ ጋር መጠየቅ ተገቢ ነው። እህል፣ ክትባትና ድንኳን ለተጐዳው ሕፃን አስፈላጊዎች ናቸው፤ አክስት፣ አያት ወይም ጐረቤት ደግሞ በራሱ ቋንቋ በስሙ እየጠራ ያሳድገው ዘንድ ያሻዋል።

በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የልዑሉ ዐፅም እንዲመለስ ጠየቀ፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ጥያቄውን እንደማይቀበል ገለጸ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ከፀጉሩ ጥቂት ለኢትዮጵያ ኤምባሲ በለንደን ተሰጠ። ከጨለቆት የተነሣው ሕፃን ወደ እናቱ መቃብር አገር ለመመለስ የተቃረበው፣ ከመቶ ሃምሳ አምስት ዓመታት በኋላ፣ በዚህ ብቻ ነው።