እቴጌ መነን፤ ስለታቸውን በዘውድ የከፈሉ እናት

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገርና ከመንገዱ ወጣ ብሎ ባለው የገጠር አጥቢያ ሁሉ፣ አንዲት እናት ባረፈች ጊዜ ሕዝቡ ስለ እርሷ የሚያነሣው ነገር ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ስንት ጥማድ በሬ ነበራት፣ ስንት ጎተራ እህል ነበራት ብሎ የሚቈጥር የለም። የማንን ሰርግ እንደ ደገሰች፣ የትኛውን የሙት ልጅ ከልጆቿ ጋር አንድ ገበታ አቅርባ እንዳሳደገች፣ የሰንበቴ ተራዋ በደረሰ ጊዜ ምን ይዛ እንደ መጣች፣ ለእመቤታችንም የተሳለችውን እንዴት እንደ ከፈለች ይነገርላታል። የሟቹ የኑሮ መዝገብ የሚነበበው በዚያን ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነው።

እኛም በእነዚህ አጥቢያዎች ስናገለግል ብዙ ስለት ሲገባ አይተናል። ልጇ ከሕመም የዳነላት ጥላ ታመጣለች፤ ባሏ ከእስር የተፈታላት ጧፍና ዕጣን፤ መካን የነበረችው ደግሞ መጋረጃ ይዛ በእልልታ ትገባለች። እውነቱን ለመናገር ግን፣ በጭንቅ ጊዜ አዲስ መጋረጃ ተስላ ጭንቁ ባለፈ ጊዜ በቤቷ የሰነበተውን አጥባ ያመጣችም አይተናል። አንፈርድባትም፤ ድኽነት ብዙ ያስደርጋል። ነገር ግን ይህን ባየን ቍጥር በሐሳባችን የሚመጣ የአንዲት እናት ታሪክ ስላለ፣ ያንን ለአንባብያን ማቅረብ የሚገባ ሆኖ ታየን። እኒህ እናት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን አስፋው ናቸው።

እቴጌ መነን የተወለዱት በወሎ በአምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው ይባላሉ፤ ጃንጥራር የሚለው ስም የአምባሰል ባላባቶች ከጥንት ጀምሮ የሚጠሩበት ማዕርግ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። አምባሰል ግሸን ማርያም የምትገኝበት አገር እንደ ሆነ ካህናት ሁሉ ያውቃሉ። ንግሥት ዕሌኒ ከኢየሩሳሌም ምድር ካስወጣችው ከጌታችን መስቀል ክፋይ የሆነው በዚያ አምባ እንዳለ ቤተ ክርስቲያናችን ታምናለች፤ በየዓመቱም መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ ወደዚያ ይወጣሉ። ሕፃኗ ወለተ ጊዮርጊስ ያደገችው እንግዲህ የዕሌኒ ስም ሲጠራ እየሰማች ነው። ይህን የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዘመኑ የመሳፍንት ልማድ ገና በልጅነታቸው ተድረው፣ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ከመጋባታቸው በፊት አራት ልጆች ወልደው ነበር። በሐምሌ ወር 1903 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የሐረር ገዥ ለነበሩት ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ሚስት ሆኑ። ልዕልት ተናኘ ወርቅና አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን በሐረር ተወለዱ፤ ከእነርሱም በኋላ ልዕልት ዘነበ ወርቅ፣ ልዕልት ፀሐይ፣ ልዑል መኰንንና ልዑል ሣህለ ሥላሴ ተጨመሩ።

ትዳሩ በጸና በአምስተኛው ዓመት ግን ማንም ሚስት ባይደርስባት የምትመኘው ፈተና መጣ። በመስቀል በዓል፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የእናታቸው ወንድም ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ተሻሩ፤ ባለቤታቸውም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ብዙ ሺሕ ሰው አለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ፣ በግዞትም ሳሉ ዐረፉ። እስኪ አንባቢ ራሱን በእኒያ ሴት ቦታ ያስቀምጥ። የድሉ ነጋሪት በባላቸው ቤት ሲመታ፣ በዚያው ነጋሪት ድምፅ የተዋረዱት አያታቸው ናቸው። የደስታው ቤትና የልቅሶው ቤት አንድ ቤት ሆነ። እቴጌ ግን ባላቸውን ትተው ወደ ዘመዶቻቸው አላዘነበሉም፤ ትዳራቸውም ኀምሳ ዓመት ከመንፈቅ ቈይቶ የተፈታው በሞት ብቻ ነው። በዚያ ወራት በጸሎት ቤታቸው ምን እንዳሉ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የንግሥ ሥርዓት በተፈጸመ ጊዜ እቴጌ መነን ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ደፉ። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ ንጉሡ ከነገሠ ከጥቂት ቀን በኋላ እቴጌይቱ ለብቻ ዘውድ የምትደፋበት ነበርና፣ ይህ አዲስ ነገር ነበር። ስለ በዓሉ ግርማና ከባሕር ማዶ ስለ መጡት እንግዶች ብዙ ተጽፏልና አናስረዝመውም። ዘውዱን ግን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

በነገሡ በዓመቱ በስማቸው የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ዛሬ የካቲት 12 ትምህርት ቤት የሚባለው ነው። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ከወፍጮና ከእንዝርት ነጥሎ ለመጽሐፍ መስጠት በብዙ ቤት እንደ ነውር የሚታይ ስለ ነበረ፣ የእቴጌይቱ ስም በበሩ ላይ መኖሩ ለወላጆች ትልቅ ዋስ ሆነ። ከየጠቅላይ ግዛቱ ልጆች እየመጡ በአዳሪነት ይማሩ ነበር። እቴጌም ትምህርት ቤቱን ደጋግመው ይጐበኙ፣ በምረቃው ቀን በሊቀ መንበርነት ይገኙ ነበር። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ዘመናዊ ትምህርት በጥርጣሬ ያየንበት ጊዜ እንደ ነበረ አንክድም፤ ነገር ግን በእነዚህ ትምህርት ቤቶች የተማሩ እናቶች ዛሬ ልጆቻቸውን ውዳሴ ማርያም ሲያስነብቡ ባየን ጊዜ ጥርጣሬያችን አፈረ።

የጣልያን ወረራ በተቃረበ ጊዜ የኢትዮጵያ ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር በእርሳቸው የበላይ ጠባቂነት ለቍስለኛ የሚሆን መጠቅለያና ለዘማች የሚሆን ልብስ ያዘጋጅ ነበር። እርሳቸውም ለዓለም እናቶች በራዲዮ ተማፅነው ነበር። በኢዮጴ ለመበለቶች ልብስ ትሰፋ የነበረችውን ጣቢታን በዚህ ሥራቸው እናስታውሳለን።

ዳሩ ግን ጠላት በረታ። በሚያዝያ ወር መጨረሻ 1928 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው ሊሟገቱ ወደ ጄኔቭ ሄዱ፤ ኋላም በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። እቴጌም በዚያ ከርመው ነበር፤ ነገር ግን ብርዱ ስላልተስማማቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳማት ከጥንት ጀምሮ ስላሉ፣ ስደተኛው ሁሉ በዚያ ይሰበሰብ ነበር። እቴጌ ቅዱሳት መካናቱን እየዞሩ ይሳለሙ ነበር፤ ከዕለታት አንድ ቀንም ጌታችን በተወለደበት በቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ቆመው፣ አገራቸው ነጻ ብትወጣ ዘውዳቸውን ለዚያ ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ለእመቤታችን ተሳሉ።

ይህ ስለት የእኛ አገር እናቶች ስለት ነው። ልጇ የታመመባት የገጠር ሴት በማርያም ደጅ ቆማ የምትለውን እቴጌይቱ በቤተ ልሔም አሉት። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ዘውዱ በዚያን ቀን ዋጋ ያለው አይመስልም ነበር። አገሩ በጠላት እጅ፣ ዙፋኑ ባዶ፣ ባለ ዘውዷ በሰው አገር ስደተኛ ነበሩ። ሰው የሌለውን ነገር ሲሳል ይቀለዋል። ፈተናው የሚመጣው ያ ነገር ተመልሶ በእጁ የገባ ዕለት ነው።

በዚህ ላይ የእኛ አገር በታሪኩ ውስጥ ትገባለች። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን አልፈው ሰንደቅ ዓላማውን ተከሉ፤ በበላያ በኩል ወጥተውም ወደ ቡሬ መጡ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ሌሎችም የጎጃም አርበኞች ለአምስት ዓመት በዱር በገደሉ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ስለ ነበር፣ ጠላት በየካቲት መጨረሻ የቡሬን ምሽግ ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም፣ በግእዙ የሰላም መንገድ ማለት ነውና፣ በዚያ ጕዞ መታሰቢያነት ለከተማችን እንደ ተሰጠ አባቶች ይነግሩናል። ንጉሡ በዚህ መንገድ አልፈው ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። የሰላሙ መንገድ በእኛ ደጅ ሲያልፍ፣ የስለቱ መክፈያ ቀን በቤተ ልሔም እየቀረበ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ የጎጃም አንባቢ ይታዘበናል። ከነጻነት በኋላ አገራችን በዚያ መንግሥት ላይ ያዘነችበት ምክንያት ነበራት፤ ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት መሞታቸውን ሕዝባችን እስከ ዛሬ በእንጕርጕሮ ያነሣዋል። እኛም ያንን ለመሸፈን አልጻፍንም። የምንጽፈው ስለ አንዲት እናት ነው።

እቴጌ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ዘውዱ በእጃቸው ነበር፤ አሁን ደግሞ እንደ ገና ዋጋ ያለው የእቴጌነት ዘውድ ነው። በአምሳሉ ሌላ ማሠራት ይቻል ነበር፤ በእርግጥም ተሠርቷል። ብዙ ሰው ቢሆን አዲሱን ለስለቱ ልኮ የተቀባበትን ለራሱ ባስቀረ ነበር፤ ምክንያትም አያጣም፤ የመንግሥት ቅርስ ነው፣ የታሪክ ዕቃ ነው ይላል። እቴጌ መነን ያደረጉት ግን የተገላቢጦሹን ነው። አምሳያው በቤተ መንግሥት ቀረ፤ በ1923 ዓ.ም. በራሳቸው ላይ የተደፋው ዋናው ዘውድ ወደ ቤተ ልሔም ሄደ። ከዚያም በኋላ በክብር በዓላት ቀለል ያለ የራስ ጌጥ ያደርጉ ነበር እንጂ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሙሉ ዘውድ አልደፉም።

የቤተ ልሔምን ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ ያሠራችው የቈስጠንጢኖስ እናት ንግሥት ዕሌኒ እንደ ሆነች ይታወቃል። ዕሌኒ ያስወጣችው መስቀል ባለበት በአምባሰል የተወለደች ልጅ፣ ዕሌኒ ባሠራችው ቤት ዘውዷን አኖረች። የእኛም ጎጃም መርጡለ ማርያምን ያነጹ ሌላ ዕሌኒ ነበሯት፤ እቴጌ ዕሌኒ። ስሙ በነገሥታት ሚስቶች ዘንድ ሥራ ሲያሠራ የኖረ ስም ነው።

ዘውዱን የሰጠች እናት ከኀዘን ዳነች ብሎ የሚያስብ ግን ይሳሳታል። ልዕልት ዘነበ ወርቅ ገና ከወረራው በፊት፣ በልጅነት ዕድሜያቸው በትግራይ ተድረው በመቀሌ ሞተው ነበር። በአዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል በስማቸው ስለ ተጠራ፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዘነበ ወርቅ ይባላል። ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው፣ ነጻነት በተገኘ በዓመቱ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በነቀምት ዐረፉ። ሕሙማንን ለመርዳት የተማሩት ልጅ በምጥ ሲሞቱ የእናታቸውን ልብ ማን ይመረምረዋል? ልዑል መኰንን ደግሞ በግንቦት 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞቱ። ስለቷን በሙሉ የከፈለች ሴት ልጆቿን ለምን ትቀብራለች ብሎ የሚጠይቀን ምእመን አለ። በየቀብሩ እንጠየቃለን። መልሱን በአንድ ቃል የሚያውቅ ካህን አላየንም፤ እኛም አናውቀውም። የምናውቀው፣ እቴጌ ስለታቸው ዋጋ እንደ ከፈለችላቸውና ሒሳቡ እንደ ተዘጋ አድርገው አለመቍጠራቸውን ነው፤ ከልጆቻቸው ሞት በኋላም እጃቸው አልታጠፈም። ለድኾችና ለሕሙማን መስጠት፣ አብያተ ክርስቲያናትን ማሠራትና ማሳደስ፣ ለኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ማኅበር መርዳት እስከ መጨረሻው የዘወትር ሥራቸው ነበር። ለአክሱም ጽዮን አዲስ ካቴድራል ከግል ገንዘባቸው ሰጥተው ነበር፤ ሲፈጸም ለማየት ግን አልደረሱም።

በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ያለውን የኢትዮጵያ የቅድስት ሥላሴ ገዳም ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ከ1959 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ አካባቢው በፈንጂ ተቀብሮ፣ ገዳሙ ለብዙ ዘመን ሰው የማይገባበት ሆኖ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ፈንጂው ተለቅሟል።

እቴጌ መነን የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐርፈው በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። የመጨረሻው ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ከሁለት ወር በኋላ ተከተሏቸው፤ ይህን ኀዘን እንኳ እግዚአብሔር አላሳያቸውም። ባለቤታቸው ዙፋናቸውን አጥተው በ1967 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ ዐፅማቸው በወግ አልተቀበረም፤ ለብዙ ዓመታት የት እንዳለ እንኳ ሕዝብ አያውቅም ነበር። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎ ወደ ቅድስት ሥላሴ ገባ፤ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላም ባልና ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ።