ዳኛ ሪቻርድ ፒተርስ

ሪቻርድ ፒተርስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1744 ዓመት፥ በአሜሪካ አገር፥ በፊላዴልፊያ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በወጣትነቱ ሕግ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። አሜሪካኖች ነጻ ለመውጣት ከእንግሊዝ ጋር በተዋጉ ጊዜም በጦር ጉዳይ ሸንጎ ጸሐፊ ሆኖ አገሩን አገለገለ። በ1792 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በፔንሲልቬኒያ ግዛት የማዕከላዊው መንግሥት ዳኛ አድርጎ ሾመው።

ወደ ችሎቱ ከመጡት ባለ ጉዳዮች አንዱ ጌዴዎን ኦልምስቴድ የሚባል መርከበኛ ነበረ። ይህ ሰው በጦርነቱ ጊዜ፥ በ1778፥ በእንግሊዞች ተማርኮ አክቲቭ በምትባል መርከብ ላይ ሲሠራ፥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተነሥቶ መርከቢቱን ከእጃቸው ነጠቀ። ነገር ግን ወደብ ሳይደርስ የፔንሲልቬኒያ የጦር መርከብ አግኝታው ምርኮውን ወደ ፊላዴልፊያ ወሰደች። የግዛቲቱ ፍርድ ቤት ለአራቱ ሰዎች ከዋጋው አንድ አራተኛውን ብቻ ሰጣቸው። የይግባኝ ሰሚዎቹ ሁሉም ለእነርሱ ይገባል ብለው ቢፈርዱም፥ የግዛቲቱ ድርሻ በበጅሮንዱ በዴቪድ ሪተንሃውስ እጅ፥ እርሱም ከሞተ በኋላ በሴቶች ልጆቹ እጅ ቀረ።

ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ በፍርድ ከሄደች በቅሎ ይልቅ ታስቆጫለችና፥ ኦልምስቴድ ነገሩን አልተወም። በ1803 ፒተርስ ገንዘቡ ለእርሱ እንዲከፈል ፈረደ። የፔንሲልቬኒያ ሸንጎ ግን ፍርዱ እንዳይፈጸም ሕግ አወጣ። ፒተርስ ፍርዱን አላጠፈም፤ ሆኖም ሁለቱ መንግሥታት እንዳይጣሉ ፈርቶ ሳያስፈጽመው ቆየ። በዚህ ምክንያት ባለ ጉዳዩ ስድስት ዓመት ተጉላላ።

በ1809 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን እንዲያስፈጽም ባዘዘው ጊዜ ፒተርስ ወዲያውኑ ታዘዘ። አገረ ገዥው ግን ወታደሮች ልኮ የሴቶቹን ቤት አስጠበቀ፤ ወታደሮቹም የፍርድ አስፈጻሚውን በጦር መሣሪያ ከደጅ መለሱት። አገረ ገዥው ወደ ፕሬዚዳንት ማዲሰን ቢጽፍም፥ ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ከማስፈጸም በቀር ሥልጣን እንደሌለው መለሰለት። በመጨረሻ ግዛቲቱ እጅዋን ሰጠች፤ ኦልምስቴድም ሸምግሎ ሳለ፥ ከ30 ዓመት በኋላ ገንዘቡን ተቀበለ።

ፒተርስ በ1828 እስኪሞት ድረስ 36 ዓመት በዳኝነት አገለገለ።

ፍርድ መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍርድ የሚፈጸመው ለድኻው ድርሻው በእጁ ሲገባ ነው። ወታደር ያለው ኃይለኛም ለሕግ መገዛት ይገባዋል።