ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ፦ የሁለተኛው ቀን ጥያቄ



ባለፈው ሰሞን ላብ ውስጥ እያለን ዐስር ገባ። ልሰግድ መሆኑን ለግሩፕ ጓደኞቼ መናገር ከብዶኝ ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ ወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም። ሠፈሬ ሳሪስ አቦም ቢሆን ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ጥያቄ ሲነሳ ወሬውን ወደ ኳስ የማዞረው እኔው ነኝ። መድረሳ ሳለሁ ግን የጃዕፈርን (ረ.ዐ) ታሪክ ሳልሳሳት ነበር የምወጣው።

ጃዕፈር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ፣ የዐሊይ (ረ.ዐ) ታላቅ ወንድም ነው። በአስር ዓመት ይበልጠዋል ይባላል፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ የቁረይሽ ግፍ በርትቶ ወደ ሐበሻ ሲሰደድ በዕድሜ ከኛ ብዙም አይርቅም። ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) አብራው ነበረች። ስደተኞቹ ወንዶቹ ብቻ ከ80 በላይ ነበሩ።

ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዐን ምርጥ የመካ ቆዳ አስይዘው ላኩባቸው። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለእያንዳንዱ ጳጳስ ስጦታ ሰጡ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ ንጉሡን እንዲመክሩላቸው ነው። ነጃሺ ግን ሳይሰማቸው አሳልፎ እንደማይሰጥ ተናገረ።

በመጀመሪያው ቀን ጃዕፈር የጃሂሊያ ኑሯቸውን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙትንና የከለከሉትን፣ የደረሰባቸውንም ግፍ አስረዳ። ከቁርኣን እንዲያነብ ሲጠየቅ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ አነበበ። ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ። መልእክተኞቹ አፍረው ወጡ።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ እንጨርሰዋለን። ከባዱ ግን የማግስቱ ነው። ዐምር ተመልሶ እነዚህ ሰዎች ስለ ዒሳ ከባድ ነገር ይናገራሉ ብሎ ከሰሰ። በቦታው የነበረችው እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንደዚያ ያለ ነገር ደርሶባቸው እንደማያውቅ ተናግራለች። አስቡት፤ ያስጠጋቸው ንጉሥ ክርስቲያን ነው፤ ጳጳሳቱ በስጦታ ተይዘዋል፤ ከዚህ ከተባረሩ የሚጠብቃቸው መካና ግርፋት ነው። በዚያ ላይ ትናንት ልባቸውን አግኝተዋል። ነገሩን ሸፋፍኖ ማለፍ ለጃዕፈር ቀላል ነበር።

ተሰብስበው ተመካከሩ። የመጣው ይምጣ፣ አላህ ያለውንና ነቢዩ ያመጡትን እንናገራለን አሉ። ጃዕፈርም ዒሳ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ ድንግል መርየም የጣለው ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ መሆኑን ተናገረ። አልጨመረም፤ አልቀነሰም። ነጃሺ ከመሬት ስንጥር አንስቶ ልዩነታቸው ይህን እንኳ እንደማያክል አስታወቀ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ፤ ስጦታውም ተመለሰ።

እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ ቀላል ይመስለናል። ጃዕፈር አፉን ሲከፍት ግን ንጉሡ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር። ደግሞ ማንንም አልሰደበም። ድፍረት ማለት የዶርም ጓደኛን ሃይማኖት ማንቋሸሽ የሚመስላቸው ወንድሞች አሉና ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈለግሁም። የተጠየቀውን መለሰ፤ በቃ።

ጃዕፈር ሐበሻ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ልጁ ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ነው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ በመርከብ ተመልሶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበር ላይ አገኛቸው። አስማእም ከሱ የምታንስ አልነበረችም። ዑመር (ረ.ዐ) በሂጅራ ቀድመናችኋል ቢላት ተቆጥታ፣ ለነቢዩ ሳትነግር እህል ውሃ እንደማትቀምስ ምላ ሄደች። እሳቸውም ለነዑመር አንድ፣ ለመርከቦቹ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ሶሃቦች ይህን ከአንደበቷ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ ነበር።

በማግስቱ ዓመት ሙእታ ላይ፣ ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ) ሸሂድ ሲሆን ባንዲራውን ጃዕፈር ያዘ። ቀኝ እጁ ሲቆረጥ በግራው፣ ግራውም ሲቆረጥ በክንዶቹ አቅፎ እስኪወድቅ አልለቀቀውም። ገላው ላይ ከ90 በላይ ቁስል ተቆጥሯል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አስማእ ቤት ሄደው ልጆቹን አስጠሩ። አቅፈው ሲያሸቷቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አስማእም ያኔ ገባት። ከዚያም ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራ አዘዙ።