የመሐንዲሱ የሩዶልፍ ዲዝል የሕይወት ታሪክ

በደጋ አገር ማልዶ የተነሣ ሰው አሮጌ ካሚዮን እያጓራ አልነሣ ሲል፣ ሾፌሩም እጁን በትንፋሹ እያሞቀ ሲጨነቅ ሳያይ አይቀርም። የዚያ ሞተር መጠሪያ የአንድ ሰው ስም መሆኑን ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ስለዚህ የሰውየውን ታሪክ ባጭሩ እንጽፋለን፤ ታሪኩን ያወቀ ሞተሩ በብርድ ለምን እንደሚያስቸግር ይረዳልና።

ሩዶልፍ ዲዝል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ከጀርመን ወላጆች ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ሥራ ባለሞያ ነበረ። በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ሲዋጉ ቤተ ሰቡ ፓሪስን ለቆ ወደ ሎንዶን ተሰደደ፤ የ12 ዓመቱ ሩዶልፍም ከወላጆቹ ተለይቶ በጀርመን አገር አውግስቡርግ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ ተላከ። በዚያም በትምህርቱ ብርቱ ሆኖ ወደ ሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገባ። በ1879 በተስቦ ታሞ ፈተናው አመለጠው፤ ነገር ግን ተስፋ ሳይቈርጥ በ1880 ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ።

በዚያ ዘመን የነበረው የእንፋሎት ሞተር ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት አብዛኛውን በከንቱ ያባክን ነበር። ዲዝል ይህን ብክነት ለማስቀረት አሰበ። የቢስክሌት ጎማ የነፋ ልጅ የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል፤ አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። አየሩ እጅግ ቢታመቅ፣ የሚረጭበት ነዳጅ ያለ ብልጭታ በራሱ ይነዳል ማለት ነው። በ1893 በአውግስቡርግ የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ ፍንዳታ ተነሥቶ የመለኪያውን መሣሪያ ሰባበረው፤ ሆኖም ነዳጁ በራሱ መንደዱ ተረጋገጠ። ከአራት ዓመት ድካም በኋላ በ1897 ፕሮፌሰር ሽሮተር ሞተሩን ቢለካው፣ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ።

ዝናው በዓለም ቢሰማም ሕይወቱ በደስታ አልተፈጸመም። ክርክር፣ ሕመምና የገንዘብ ኪሣራ ተደራረቡበት። በመስከረም 1913 ድሬዝደን በምትባል መርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ሲጓዝ ሌሊት ጠፋ፤ ከቀናት በኋላም ሬሳው በባሕር ላይ ተገኘ። እንዴት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ በርግጥ አልታወቀም።

እንግዲህ ወደ ማለዳው ካሚዮን እንመለስ። ሞተሩ የሚነሣው በታመቀ አየር ሙቀት ስለ ሆነ፣ የቀዘቀዘ ብረት ያን ሙቀት ሲሻማው ነዳጁ ሳይነድ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከዲዝል በኋላ የመጡ መሐንዲሶች በብዙ ሞተሮች ላይ በኤሌክትሪክ የሚግል ማሞቂያ ካንዴላ ጨመሩ። አሮጌ መኪና በብርድ ሲዘገይ አስቀድሞ ባትሪው ይመርመር፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ አየሩ ሳይሞቅ ሙቀቱ ያመልጣልና። ቀጥሎ ማሞቂያዎቹ አንድ በአንድ ይፈተኑ፤ የተቃጠለው ይለወጥ። የሞተሩ ዘይት ለብርድ የማይስማማ ወፍራም እንዳይሆን፣ በላላ የናፍጣ ቧንቧም አየር እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ፣ የፒስተኑ ፋሻ ወይም ቫልቩ ተበልቶ አየሩ ሳይታመቅ እየሾለከ ይሆናል። ከሞተሩ በታች እሳት ማንደድ ግን መኪናንም ሰውንም ያጠፋል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ዲዝል የተሰበረውን መለኪያ አይቶ ሥራውን አልተወም፤ ምክንያቱን እየፈለገ አንዱን ጉድለት ከሌላው ለይቶ አረመ እንጂ። አልነሣ ያለውን ሞተር የሚረግም ሳይሆን የሚመረምር ሰው ከመንገዱ ይደርሳል። ለእኛም ለተማሪዎች በከበደን ትምህርት ሁሉ መንገዱ ይኸው ነው።