አበበ ቢቂላ፡ ከሮም ጎዳና እስከ ኖርዌይ በረዶ

የአበበ ቢቂላ ስም በአዲስ አበባም ሆነ በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት የናይሮቢዋ ኢስትሊ ሲነሳ፣ ቀድሞ የሚታወሰው በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ወታደር ነው። ከዚያ ድል ከአሥር ዓመታት በኋላ፣ እግሮቹ መንቀሳቀስ ተስኗቸው ሳለ፣ በኖርዌይ በረዶ ላይ ተወዳድሮ ማሸነፉ ግን እምብዛም አይወሳም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በክቡር ዘበኛ ተቀጥሮ ሲያገለግል በስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን እጅ ገባ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የሮምን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አጠናቆ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊም ሆነ።

ከስምንት ቀናት በኋላ በዚያችው ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ወደ 400 የሚጠጉ አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች የተሳተፉበት ይህ ውድድር ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይጠራል። የንቅናቄው መሥራች ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን ሲሆኑ፣ በእንግሊዙ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ያክሙ ነበር። ሯጩ በዚያን ጊዜ ከዚህ ዓለም ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ በቶኪዮ ዳግም አሸነፈ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከእርሱ የቀደመ አልነበረም። በሜክሲኮ ሲቲ ግን በእግሩ ላይ የነበረው ጉዳት 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውድድሩን አስቋረጠው፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ወሰደ።

አደጋው

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን መኪና ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስም ከውስጧ ሳይወጣ አደረ። አደጋው መላ አካሉን ከአንገቱ በታች ሽባ አደረገው። ከቀናት በኋላ ወደ ስቶክ ማንደቪል ተወሰደና ለስምንት ወራት ታከመ። እጆቹ ቀስ በቀስ ቢያገግሙም ዳግመኛ በእግሩ አልቆመም።

በሆስፒታሉ ስፖርት የሕክምናው አካል ነበር። ማራቶንን የመሰለ ውድድር ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሰው ከመሠረቱ ተማሪ ሆነ፤ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ጀመረ። በ1962 ዓ.ም. ማብቂያ ላይም በስቶክ ማንደቪል በተካሄደው የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ውድድር ተሳተፈ።

በረዶው ላይ

በቀጣዩ ዓመት በኖርዌይ በተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ እንዲገኝ ጥሪ ደረሰው። ጥሪው የክብር እንግዳ እንዲሆን ነበር፤ እርሱ ግን መወዳደርን መረጠ። በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ከተሰለፈ በኋላ፣ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ በሚካሄደው የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ገባ። ከከፍተኛ ተራሮች ጫፍ በቀር በረዶ በማይታይበት አገር ያደገው አበበ፣ 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት ውድድር በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ።

የመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ በስዊድን የተካሄደው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይቶ ነው። ኬንያ በፊሊፕ ቦይት አማካይነት በናጋኖው የክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወከል 27 ዓመታት አልፈው ነበር። ኢትዮጵያም በበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪው ሮቤል ተክለማርያም በቱሪን የተወከለችው ከ35 ዓመታት በኋላ ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

አበበ በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ሲገኝ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታወጀ፤ በሥርዓተ ቀብሩም ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ተገኙ።

በአዲስ አበባ በስሙ ስታዲየም ተሰይሞለታል። በየዓመቱ የሚዘከሩት የሮምና የቶኪዮ ድሎቹ ናቸው። የኖርዌዩ ድል በኦሊምፒክ መዝገብ ላይ ባይሰፍርም፣ አበበ ከአደጋው በኋላም ተወዳዳሪ ሆኖ መቀጠሉን ያሳያል።