ከቮልስ አካል በታች፤ የፈርዲናንድ ፖርሼ ሕይወትና ሥራ

በሀዋሳ ከተማ ከሚገኝ አንድ ጋራዥ አሮጌ ቮልስ ለእድሳት ቢገባ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ አስቀድሞ የሚመለከተው ወለሉን ነው። ላሜራ ማቃናትና ቀለም መቀባት ለኋላ የሚቆይ ሥራ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በመሆኑ ከእርሱ የሚንጠባጠበው አሲድ ብረቱን ይበላዋል፤ የክረምቱ ውኃና ጭቃም ዝገቱን ያፋጥነዋል። ወለሉ በብየዳ የማይድን ሆኖ ሲገኝ አካሉን ከሻንሲው ጋር ያያያዙት ብሎኖች ይፈታሉ፤ የመሪው ዘንግ፣ የፍሬኑና የነዳጁ መሥመር፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ይለያያሉ፤ ከዚያም ያ ክብ አካል በጥቂት ሰዎች ጉልበት ተነሥቶ ከጎን ይቀመጣል። በመሬት ላይ የሚቀሩት ጠፍጣፋው ወለል፣ በመካከሉ የሚያልፈው ቦይ መሰል ብረት፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና አራቱ እግሮች ናቸው። በዚህ ሻንሲ ቦታ ጤናማ የሆነ፣ አንዳንድ ጊዜም ከኋለኛ ዘመን ሞዴል የተገኘና የተሻለ ሳስፔንሽን ያለው ሌላ ሻንሲ ገብቶ አሮጌው አካል ሊጫንበት ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ሥራ በአብዛኞቹ የዛሬ የቤት አውቶሞቢሎች ላይ አይሞከርም፤ አካላቸውና ወለላቸው በአንድነት የተበየደ ነውና። በቮልስ ላይ የተቻለው መኪናው ሲነደፍ ሻንሲው ራሱን የቻለ ክፍል እንዲሆን ስለታሰበ ነው። የንድፉ ዋና ባለቤት ተብሎ የሚጠራው ፈርዲናንድ ፖርሼ ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ለመሐንዲሱም ለመካኒኩም ሁለት ዓይነት ትምህርት ይዟል፤ አንደኛው ስለ ብረት፣ ሁለተኛው ብረቱን ስለሚያሠራው ኀይል ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖርሼ በ1875፣ በሴፕቴምበር 3 ቀን፣ ያን ጊዜ በአውስትሮ-ሀንጋሪ ግዛት ሥር፣ ዛሬ ግን በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ በሚገኘው ማፈርስዶርፍ በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ አንቶን የቆርቆሮ ሥራ ባለሙያ ነበር። ልጁም ቀን ከአባቱ ጋር እየሠራ ማታ በራይሸንበርግ ከተማ በነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ልቡ ግን ወደ ኤሌክትሪክ አዘነበለ፤ ገና በጉርምስናው የወላጆቹን ቤት በኤሌክትሪክ ብርሃን እንዳበራ ይተረክለታል። በ1893 ወደ ቪየና ሄዶ በአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ። ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የተመረቀ ሰው አልነበረም፤ በኋላ የተጠራበት የዶክተርነት ማዕረግ ከቪየናና ከሽቱትጋርት ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች በክብር የተሰጠው ነው።

በ1900 በፓሪስ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ሎህነር ከተባለው የሠረገላ ፋብሪካ ጋር የሠራው የኤሌክትሪክ መኪና ለሕዝብ ታየ። ሞተሮቹ በፊት ጎማዎቹ እምብርት ውስጥ የተገጠሙ ስለነበሩ ሰንሰለትም ካምቢዮም አላስፈለጋቸውም። ጥበቡ ቢያስደንቅም አንድ ጉድለት ነበረበት። ከባዱ ሞተር ከባሌስትራው በታች፣ በጎማው ላይ ስለተጫነ ጎማው በነጠረ ቁጥር ያ ክብደት ሁሉ አብሮት ይነጥር ነበር። ከጎማው ጋር የሚነሣና የሚወድቀው ክብደት በቀነሰ መጠን ጎማው መንገዱን የተሻለ እንደሚይዝ ዛሬ ማንኛውም የአውቶሞቲቭ ተማሪ ያውቀዋል። ፖርሼ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የደረሰበት ሳስፔንሽን ለዚህ ችግር ጥሩ መልስ ሆነ።

በ1906 የአውስትሮ ዳይምለር ፋብሪካ የቴክኒክ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በ1907 መጨረሻና በ1908 መጀመሪያ ገደማ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገብተው ዳግማዊ ምኒልክን ባስደነቁበት ወቅት፣ ፖርሼ በዚያ ፋብሪካ የቤንዚን መኪናዎችን ይነድፍ ነበር። በ1910 በልዑል ሃይንሪክ ስም በተዘጋጀው የረጅም ጉዞ ውድድር ላይ ራሱ የነደፈውን መኪና ራሱ እየነዳ አሸነፈ። በ1923 ወደ ሽቱትጋርት ተሻግሮ በዳይምለር ፋብሪካ ዝነኛ የሆኑ ኀይለኛ መኪናዎችን አወጣ፤ ሆኖም ከኩባንያው ሹማምንት ጋር አልተስማማምና ለቀቀ። በኦስትሪያ በሚገኘው ሽታየር ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ በ1931 በሽቱትጋርት የራሱን የንድፍ ቢሮ ከፈተ። ገንዘብ በማግኘትና ሥራ በማፈላለግ ቢሮውን ካቆሙት ሰዎች አንዱ አዶልፍ ሮዘንበርገር የተባለ የእሽቅድምድም ነጂና ባለ አክሲዮን ነበር።

በዚያ ዘመን የብዙዎቹ መኪናዎች ጎማ በድፍን አክስል ተጣምሮ በባሌስትራ ላይ ይቆም ነበር። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ስለሆነ ጠንካራና ለጥገና ቀላል ነው፤ በጭነት መኪናዎች ላይ ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም። ይሁን እንጂ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ድፍኑ አክስል ሌላውንም ጎማ ያዘነብለዋል። የፖርሼ ቢሮ ያቀረበው መፍትሔ በመኪናው ስፋት ተጋድሞ በቧንቧ ውስጥ የሚቀመጥ ብረት ነበር። የብረቱ አንድ ወገን ይታሰራል፤ ሌላው ወገን ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ይያያዛል፤ ጎማው ሲነሣ ብረቱ ይጠመዘዛል፤ ጎማው ሲለቀቅ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቶርሽን ባር የተባለው ይህ ሥርዓት በ1931 ለፓተንት ቀረበ። ክብደቱ አነስተኛ፣ የሚይዘው ቦታ ጠባብ ነው፤ እያንዳንዱም ጎማ ለብቻው ይንቀሳቀሳል።

ፖርሼ ለብዙው ሕዝብ የሚሆን ትንሽ መኪና የመሥራት ሐሳቡን በመጀመሪያ ለሁለት የሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች፣ ለሱንዳፕና ለኤን ኤስ ዩ አቀረበ። የሙከራ መኪናዎች ቢሠሩም ሁለቱም ፋብሪካዎች ወደ ምርት ሳይደርሱ ተዉት። በዚሁ ጊዜ በቼኮዝሎቫኪያ የታትራው መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካ፣ በጀርመንም ዮሴፍ ጋንዝና ቤላ ባሬኒ በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ይሠሩ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የባሬኒ ድርሻ በፍርድ ቤት ታውቋል፤ ቮልስዋገንም ለታትራ ካሣ ከፍሏል። ስለሆነም ቮልስ የአንድ ሰው አእምሮ ብቻ የፈጠረው ሥራ ነው ማለት ትክክል አይሆንም።

ሐሳቡን ወደ ፋብሪካ ያደረሰው የናዚ መንግሥት ነው። በ1934 ከጀርመን የአውቶሞቢል ኢንዱስትሪ ማኅበር ጋር ውል ተፈርሞ ንድፉ ቀጠለ። ከዚህ ሥራ የወጣው ሻንሲ ቀላልነቱ የሚያስገርም ነበር። በመካከሉ የሚያልፈው ቦይ መሰል ብረት እንደ አከርካሪ ሆኖ ጥምዘዛን ይቋቋማል፤ የማርሹ፣ የፍሬኑና የነዳጁ መሥመሮችም በውስጡ ያልፋሉ። በግራና በቀኝ ወለሉ ይዘረጋል። ከፊት ሁለት አግድም ቧንቧዎች ቶርሽን ባሮቹን ይይዛሉ፤ ከኋላም ቶርሽን ባሮቹ በአግድም ቧንቧ ውስጥ ይቀመጣሉ። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ነበር። በመንገድ ላይ የሚሠራው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል በሻንሲው ላይ ስለሚቆም አካሉ እንደ ክዳን ከላይ ይታሰርበታል።

የሙከራ መኪናዎቹ በ1936 መጨረሻ በጀርመን መንገዶች ላይ ሲፈተኑ ኢትዮጵያ በፋሺስት ኢጣሊያ ተወርራ አርበኞቿ በየጫካው ይታገሉ ነበር። ሞተርና ብረት በግፈኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ የኢትዮጵያ ሕዝብ ከማንም ቀድሞ አይቷል። ፖርሼ ግን ሥራውን ማን እንደሚያሠራውና ለምን እንደሚያሠራው የጠየቀ አይመስልም። የአይሁድ ተወላጅ የሆነው ሮዘንበርገር በ1935 ድርሻውን በዝቅተኛ ዋጋ አስረክቦ ከቢሮው ወጣ፤ በዚያው ዓመት ተይዞ በማጎሪያ ካምፕ ታሰረ፤ ከተፈታም በኋላ ከአገር ተሰደደ። ፖርሼ በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በ1938 የፋብሪካው የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ 336,000 የሚያህሉ ጀርመናውያንም በየሳምንቱ ቴምብር እየገዙ ለመኪና ገንዘብ አጠራቀሙ። ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ወደ ወታደራዊ ምርት ዞረ፤ ከቆጣቢዎቹ አንድም ሰው በዚያ መንግሥት ዘመን መኪናውን አልተረከበም።

ከዚህ የከፋው ግን በፋብሪካው ውስጥ የተፈጸመው ነው። በጦርነቱ ዓመታት ከፖላንድ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከሌሎች አገሮች በግድ የተጋዙ፣ የጦር ምርኮኞችና የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች፣ በጠቅላላው 20,000 የሚሆኑ ሰዎች በዚያ እንዲሠሩ ተገደዋል። በግድ ከሚሠሩት ሴቶች የተነጠቁ ሕፃናት ሩኤን በተባለ መንደር በነበረው ማቆያ በረኀብና በበሽታ አለቁ፤ ቁጥራቸው ከሦስት መቶ በላይ ነው። የፋብሪካው ከፍተኛ ኃላፊዎች ፖርሼና የልጁ ባል አንቶን ፒየህ ነበሩ። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ፖርሼን በፖለቲካ ስብከት የተማረከ ሰው አድርገው አይገልጹትም፤ ሥራው እንዲቀጥል ከማንኛውም ባለሥልጣን ጋር የሚስማማ መሐንዲስ እንደነበረ ይስማማሉ። ይህ ግን ኃላፊነቱን አያቀልለትም።

በ1945 መጨረሻ የፈረንሳይ ባለሥልጣኖች ያዙት። ሳይፈረድበት ሃያ ወራት ያህል ታስሮ፣ ከእስሩም ጊዜ ጥቂቱን በዲዦን ወህኒ ቤት አሳልፎ፣ በኦገስት 1947 በዋስ ተለቀቀ። ልጁ ፌሪ በ1948 ግሙንድ በተባለ የኦስትሪያ ከተማ በስማቸው የሚጠራውን የመጀመሪያ የእሽቅድምድም ዓይነት መኪና ሲሠራ፣ ሞተሩንና ሳስፔንሽኑን የወሰደው ከቮልስ ነበር። አባትየው በ1950 መኪናው በብዛት ሲመረት በዓይኑ አየ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ገደማ በደም ግፊት አደጋ ወድቆ በጃንዋሪ 30 ቀን 1951 በሽቱትጋርት አረፈ። ዕድሜው 75 ዓመት ነበር።

ፋብሪካውን ከፍርስራሽ ያነሡት ሌሎች ናቸው። የእንግሊዝ ጦር መኮንን የነበረው አይቫን ሃርስት ምርቱን እንደገና አስጀመረ፤ ከ1948 ጀምሮም ሃይንሪክ ኖርድሆፍ መራው። ሀዋሳ በ1960 ገደማ ስትቆረቆር ቮልስ በዓለም ገበያ በሰፊው ይሸጥ ነበር፤ በኢትዮጵያም የመምህሩ፣ የሐኪሙና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ሆኖ ታወቀ። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተሩ ውኃ ስለማይፈልግ ለስምጥ ሸለቆው ሙቀት ተስማሚ ነበር። ከፎርድ ሞዴል ቲ የቆየውን የምርት ክብረ ወሰን በ1972 ሰበረ፤ በሜክሲኮ በጁላይ 30 ቀን 2003 የመጨረሻው ሲወጣ በጠቅላላው 21,529,464 ተሠርቶ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት አካሉ ሳይለወጥ የሚመስል ሆኖ ሻንሲው ተሻሽሏል። የመጀመሪያው የኋላ አክስል በአንድ በኩል ብቻ የሚታጠፍ ስለነበረ መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ጎማው ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ኋላው ሊያመልጥ ይችል ነበር። ለአሜሪካ ገበያ ከቀረቡት የ1969 ሞዴሎች ጀምሮ በሁለቱም ጫፍ የሚታጠፍ አክስል ገባ። ይህ ሻንሲ ከቀድሞዎቹ አካላት ጋር በአብዛኛው ስለሚስማማ የድሮውን መልክ ጠብቆ አነዳዱን ለማሻሻል ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ምርጫ ነው። 1302 ሞዴል ግን የተለየ ነው፤ የፊት ሞላውና አሞርዛተሩ የላይኛው ጫፍ የሚታሰረው በአካሉ ላይ ስለሆነ ሻንሲውን ብቻ ወስዶ ከአሮጌ አካል ሥር ማስገባት አይቻልም። በብየዳ አስገድዶ ማጋባትም መሪውንና ፍሬኑን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የቮልስ የሻንሲ ቁጥር የተመታው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በመካከለኛው ብረት ላይ ነው። አካሉ ተነሥቶ በሌላ ሻንሲ ላይ ሲቀመጥ፣ በመንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያው አሮጌው መኪና ቢሆንም ቁጥሩ ሌላ ሆኗል። ቅን ባለሙያ ይህን ለባለቤቱ ይነግራል፤ በሰነድም ያስመዘግባል፤ የቀድሞውን ቁጥር ቆርጦ በአዲሱ ላይ አይበይድም። ገዢው ከሥር ያለውን የማወቅ መብት አለውና።

በፖርሼ ሕይወት ላይም የሚገባው ፍርድ ከዚህ የራቀ አይደለም። ስሙ በሚያምሩ አካላት ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ሥራውም ሊመሰገን ይገባዋል። ከሥሩ ግን የሮዘንበርገር ድርሻ፣ የሌድቪንካና የባሬኒ ሐሳብ፣ የቆጣቢዎቹ ገንዘብ፣ በግድ የተጋዙት ሠራተኞች ጉልበትና የሩኤን ሕፃናት ሞት አለ። የሙያው ባልደረቦች ይህን መኪና ባነሡና በጠገኑ ቁጥር ሁለቱንም አብረው ቢያስታውሱ፣ ጥበቡን ይማራሉ፤ ጥበብ ለማንና በምን ዋጋ እንደሚሠራ መጠየቅም የሙያው አንድ ክፍል መሆኑን ይረዳሉ።